ስሪዲ ቼዝ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ፦ ሥዕሉ ሌላ፣ ሐሳቡ ሌላ

«ስሪዲ ቼዝ» (ባለ ሦስት አቅጣጫ ቼዝ) የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይጠራል፤ ስለዚህ ፕሮግራም ከማውረድዎ በፊት የትኛውን እንደሚፈልጉ ይለዩ። አንደኛው የተለመደው ባለ 64 ቤት ቼዝ ነው። ከሕጉ የተለወጠ ነገር የለም፤ ኮምፒውተሩ ግን ለሰሌዳውና ለጠጠሮቹ ቁመትና ጥላ ሰጥቶ፣ ጠረጴዛው አጠገብ የተቀመጠ ሰው እንደሚያያቸው አድርጎ ይሥላቸዋል። ሁለተኛው ሰሌዳው ራሱ ወደ ላይ የተደራረበበት ጨዋታ ነው፤ ጠጠሮቹ ወደፊትና ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ከፎቅ ወደ ፎቅም ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

አብዛኛው ሰው የሚጫወተው የመጀመሪያውን ነው፤ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘው ጣጣም የሚበዛው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር፤ ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ እናነሣዋለን።

በአንድ መስኮት ሁለት ሠራተኞች

ስሪዲ ቼዝ ሲከፍቱ የሚያዩት አንድ ፕሮግራም ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሁለት ሠራተኞች አሉ። አንዱ ሠዓሊው ነው። ሰሌዳውን፣ ጠጠሮቹን፣ ጥላውን፣ የእንጨቱን ወይም የእብነ በረዱን መልክ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየደጋገመ ይሥላል፤ የሚሠራውም በግራፊክስ ቺፑ ነው። ሌላው ተጫዋቾች ኢንጅን የሚሉት አሳቢው ነው። እሱ ስክሪን መኖሩንም አያውቅም። ጠጠሮቹ የት የት እንዳሉ ይነገረዋል፣ በፕሮሰሰሩ ላይ ያሰላል፣ ቀጣዩን እንቅስቃሴ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ የሚነጋገሩት በአጭር ጽሑፍ ነው፤ ወታደርዎን ከኢ2 ወደ ኢ4 ሲገፉ ለአሳቢው የሚደርሰው የመነሻውና የመድረሻው ቤት ስም ብቻ ነው።

ብልሽት ሲያጋጥም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ነው። መስኮቱ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ ጠጠሮቹ መልካቸውን አጥተው ነጭ ብቻ ከሆኑ፣ ወይም ሰሌዳውን ሲያዞሩት እየተቆራረጠ ከሆነ፣ ችግሩ ሠዓሊው ዘንድ ነው። መታየት ያለበት የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ቺፑን የሚያሠራው ፕሮግራም ነው። ሰሌዳው ያለ ችግር እየዞረ ተጋጣሚው ግን እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ፣ ጉዳዩ የአሳቢው ነው። ወይ ኢንጅኑ አልተጫነም፣ ወይ ፕሮግራሙ ያለበትን ቦታ አላገኘም፣ ወይ ደግሞ ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ አንድ አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ድራይቨር ሲያወርድና ሲያጠፋ ይውላል፤ ድራይቨር ግን ለኢንጅን መድኃኒት አይሆንም።

ስለ ቋንቋው ትንሽ እንበል። ዛሬ የሚሠራባቸው ሁለት ናቸው፦ የቀድሞው የኤክስቦርድ ቋንቋና በ2000 የወጣው ዩሲአይ። ብርቱው ኢንጅን ስቶክፊሽ የሚናገረው ዩሲአይ ብቻ ነው። ድሪምቼስ የተባለው ነጻ የስሪዲ ቼዝ ደግሞ የሚያውቀው የኤክስቦርድን ቋንቋ ነው። ስለዚህ ስቶክፊሽን በቀጥታ ለድሪምቼስ ቢሰጡት ሁለቱ ተፋጥጠው ይቀራሉ፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ተጋጣሚ የማይጫወትበት ሰሌዳ ነው። መፍትሔው ፖሊግሎት የሚባል አስተርጓሚ ፕሮግራም መሀል ማስገባት ነው። በፖሊግሎት የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ስቶክፊሽ ያለበትን ሙሉ አድራሻ ይጽፋሉ፤ ለድሪምቼስ «ኢንጅንህ ይህ ነው» ብለው የሚሰጡት ግን ስቶክፊሽን ሳይሆን ፖሊግሎትን ነው። እንዲህ መድከም ካልፈለጉም ድሪምቼስ ድሪመር የሚባል የራሱ ኢንጅን አለው፤ ለጀማሪና ለመካከለኛ ተጫዋች ከበቂ በላይ ነው።

ካሜራውን የት ማቆም?

በስሪዲ ቼዝ ከሚሸነፉት ጨዋታዎች ጥቂት የማይባሉት የሚሸነፉት በሐሳብ ድክመት ሳይሆን ሳያዩ በመቅረት ነው። ንጉሡ ወይም ንግሥቲቱ ከኋላቸው ያለውን ወታደር ይሸፍኑታል፣ ተጫዋቹም የለም ብሎ ያስባል። ይህ በግምት የሚተው ነገር አይደለም፤ ሊሰላ ይችላል።

ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ ለውድድር የሚመክራቸው ጠጠሮች ቁመት የሚከተለው ነው፦ ንጉሥ 9.5 ሴንቲ ሜትር፣ ንግሥት 8.5፣ ቢሾፕ 7፣ ፈረስ 6፣ ሩክ 5.5፣ ወታደር 5። የአንድ ቤት ጎን ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 5.5 ብለን እንያዘው። በስክሪን ላይ የሚሣሉትም አብዛኞቹ ከዚህ መጠን ብዙ አይርቁም። አንድ ጠጠር ከኋላው የሚሸፍነው ርዝመት በቁመቱና ካሜራው ከሰሌዳው ወለል በስንት ዲግሪ ከፍ እንዳለ ይወሰናል። ካሜራው 30 ዲግሪ ላይ ካለ ንጉሡ ከኋላው 16.5 ሴንቲ ሜትር ይጋርዳል፤ ሦስት ሙሉ ቤት ማለት ነው። 45 ዲግሪ ላይ ሲሆን 9.5 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት ቤት ሊሞላ ጥቂት የቀረው። 60 ዲግሪ ላይ ደግሞ 5.5 ሴንቲ ሜትር፣ ልክ አንድ ቤት። 75 ዲግሪ ላይ ከግማሽ ቤት ያነሰ ነው።

ታዲያ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ከላይ ማቆም ነዋ? አይደለም። ጠጠሮቹ ወደ ላይ የተሠሩ ቅርጾች ናቸው፤ ከአናታቸው ሲታዩ ወታደሩም ቢሾፑም ንግሥቲቱም ክብ ነገር ይሆናሉ። ከላይ ማየት ከተፈለገ የጠፍጣፋው ሰሌዳ ምልክቶች በጣም ይሻላሉ፤ የተፈጠሩትም ለዚሁ ነው። ለቁም ነገር ጨዋታ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ያለው ከፍታ ከሁሉም ይመቻል። ዝቅ ያለው፣ 30 እና 35 ዲግሪ፣ ሥዕሉን ለማድነቅና ፎቶ ለማንሣት የሚሆን ነው፤ ብዙ ጨዋታዎች ሲከፈቱ የሚጀምሩት ግን ለዓይን ስለሚያምር ወደዚህኛው ተጠግተው ነው። ስለዚህ ጨዋታውን ከመጀመርዎ በፊት ሰሌዳውን ወደ እርስዎ ያዘንብሉት።

የካሜራው ርቀትም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከፊት ያለው ረድፍ ከካሜራው የ10 ቤት ርቀት ላይ ካለ፣ የመጨረሻው ረድፍ 17 ቤት ይርቃል፤ ስለዚህ የተጋጣሚው ጠጠሮች ከእርስዎ ጠጠሮች 59 በመቶ ያህሉን ብቻ አክለው ይታያሉ። ካሜራው ወደ ኋላ ርቆ 30 እና 37 ቤት ላይ ሲሆን ግን 81 በመቶ ያህላሉ። ፕሮግራሙ የእይታ ስፋት የሚል ማስተካከያ ካለው ካሜራውን ያርቁትና የእይታውን ስፋት ያጥብቡት። ሰሌዳው በስክሪኑ ላይ የሚይዘው ቦታ አይቀንስም፤ የሩቁ ረድፍ ግን ይጎላል።

ጠቅ ማድረግም የራሱ ዘዴ አለው። ማውሱ የሚንቀሳቀሰው በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን የትኛውን ቤት እንደነኩ ለማወቅ ከካሜራው ተነሥቶ በማውሱ ጫፍ በኩል የሚያልፍ መስመር ወደ ሰሌዳው ይዘረጋል። አንዳንዱ ፕሮግራም መስመሩ መጀመሪያ የነካውን ጠጠር ይወስዳል። ሌላው ጠጠሮቹን ከቁጥር ሳያስገባ መስመሩ የሰሌዳውን ወለል የነካበትን ቤት ይወስዳል። በዚህኛው የንጉሡን ዘውድ ጠቅ ቢያደርጉ የሚመረጠው ከንጉሡ ኋላ ያለው ቤት ነው! የእርስዎ ፕሮግራም ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማጣራት አያስፈልግም፤ ሁልጊዜ የጠጠሩን ግርጌ፣ ቤቱን የነካበትን ቦታ ጠቅ ያድርጉ። በሁለቱም ይሠራል።

ግርጌውን እየነኩም የሚመረጠው ጎረቤቱ ከሆነ፣ ስሕተቱም ከስክሪኑ ግራ ጥግ ወደ ቀኝ ሲሄዱ እየሰፋ ከመጣ፣ ምክንያቱ የስክሪን ማጉያው ነው። ዊንዶውስ ጽሑፍ እንዲነበብ ሁሉን ነገር በ150 ወይም በ200 በመቶ ያጎላል፤ የቆየ ጨዋታ ይህን ስለማያውቅ የማውሱን ቦታ በተሳሳተ ልክ ይቆጥራል። ጨዋታውን ይዝጉና የፕሮግራሙን ፋይል በቀኝ ጠቅ አድርገው ወደ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ወደ ኮምፓቲቢሊቲ ይግቡ። የሃይ ዲፒአይ ማስተካከያውን ከፍተው ማጉላቱን ለአፕሊኬሽኑ ራሱ ይተዉለት። ፊደሉ ሊያንስ ይችላል፣ ማውሱ ግን ወደ ቦታው ይመለሳል።

ዊንዶውስ

ብዙ ሰው ስሪዲ ቼዝን ያወቀው በቼስ ታይታንስ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታና ከዊንዶውስ 7 ጋር አብሮ ይመጣ የነበረ፣ 10 የጥንካሬ ደረጃ ያለው፣ የማውሱን ቀኝ አዝራር ተጭኖ በመጎተት ሰሌዳው የሚዞርበት ጨዋታ ነው። በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ የለም። ዛሬ በየቦታው «ቼስ ታይታንስ ለአዲሱ ዊንዶውስ» እየተባለ የሚቀርበው ከዋናው አምራች የመጣ አይደለም፤ ሰዎች ከዊንዶውስ 7 ቀድተው፣ አንዳንድ ፋይሉን ለውጠው ያሰራጩት ነው። በውስጡ ሌላ ምን እንደተጨመረበት ማረጋገጫ ስለሌለ አንመክረውም። ድሪምቼስ ለዊንዶውስም የተዘጋጀ ቅጂ አለው፤ ክፍያም የለውም።

ከፕሮጀክቱ ከራሱ ገጽ ያወረዱትን ፕሮግራም ሲከፍቱ ዊንዶውስ በሰማያዊ ሳጥን ሊያግድዎ ይችላል። ይህ የሚሆነው ፕሮግራሙ ቫይረስ ስለተገኘበት ሳይሆን ብዙ ሰው ያላወረደውና ፊርማ የሌለው ስለሆነ ነው። በሳጥኑ ላይ ተጨማሪ መረጃ የሚለውን ሲጫኑ ለማንኛውም ክፈት የሚል አዝራር ይወጣል። ከየት እንዳወረዱት እርግጠኛ ካልሆኑ ግን እዚያው ይተዉት።

አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ጨዋታው አልከፈት ካለ፣ ወይም በሰከንድ ሁለት ሦስት ሥዕል ብቻ እያሳየ ከተንቀረፈፈ፣ ወደ ዲቫይስ ማናጀር ገብተው ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ይክፈቱ። እዚያ የኢንቴል፣ የኤኤምዲ ወይም የኤንቪዲያ ስም መኖር አለበት። በምትኩ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካለ፣ ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን ድራይቨር አላገኘም። በዚህ ሁኔታ ኦፕንጂኤል የሚባለው የስሪዲ ሥዕል መሣሪያ በ1.1 ቅጂው ብቻ ይቀራል፣ እሱንም የሚሥለው ፕሮሰሰሩ ነው። የቺፑ ወይም የላፕቶፑ አምራች ካዘጋጀው ገጽ ድራይቨሩን ጭነው ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ።

ሁለት የግራፊክስ ቺፕ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ጨዋታው በደካማው ላይ ሊከፈት ይችላል። ሴቲንግስ ውስጥ ወደ ሲስተም፣ ወደ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ወደ ግራፊክስ ይሂዱ፤ ጨዋታውን ከዝርዝሩ ያስገቡና ከፍተኛ አቅም የሚለውን ይምረጡለት። ለቼዝ ግን ደካማው ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ባትሪም ይቆጥባል።

ማክ

ማክ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ቼስ የሚባል ስሪዲ ጨዋታ አፕሊኬሽንስ ውስጥ ተጭኖ ይመጣል። የሚያስብለት ሲጄንግ የተባለ ኢንጅን ነው። ሰሌዳውን ለማዞር ማውሱን ወደ ሰሌዳው ጠርዝ ወስደው ይጎትቱ። የጠጠሮቹን መልክና የጥንካሬውን መንሸራተቻ የሚያገኙት ሴቲንግስ ውስጥ ነው፤ መንሸራተቻው አንድ ጫፉ ፈጣን፣ ሌላው ጫፉ ጠንካራ ነው። አዲስ ጨዋታ ሲከፍቱ ከተለመደው ቼዝ ሌላ ክሬዚሃውስን የመሰሉ ልዩ ሕግ ያላቸው ዓይነቶችም ይቀርባሉ። በስሕተት የተሠራ እንቅስቃሴ ኮማንድንና ዜድን አብሮ በመጫን ይመለሳል።

አስቸጋሪው ሌላ ጨዋታ ማምጣት ሲፈልጉ ነው። በ2019 የወጣው ማክኦኤስ ካታሊና ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ከናካቴው አስወጥቷል፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ የስሪዲ ቼዝ ጨዋታዎች ስለዚህ ጨርሶ አይከፈቱም፤ ማስተካከያ በመነካካትም አይድኑም። አፕል በ2018 ደግሞ ኦፕንጂኤልን ወደፊት እንደማያሳድገው አስታውቋል። እስካሁን ይሠራል፤ ግን ባለበት ቆሟል። የአፕል የራሱ ቺፕ ባላቸው ማኮች ላይ ለኢንቴል የተሠራ ባለ 64 ቢት ጨዋታ ሮዜታ 2 በሚባለው አስተርጓሚ ይከፈታል፤ በሥዕሉ ላይ ልዩነት ላያዩ ይችላሉ፣ በተተረጎመው ኢንጅን ፍጥነት ላይ ግን ሊታይ ይችላል። ኢንጅኑ ለአዲሱ ቺፕ የተዘጋጀ ቅጂ ካለው እሱን ይውሰዱ።

አልሚው ያልታወቀ ፕሮግራም ሲከፈት ማክ ይከለክላል። ድሮ ኮንትሮልን ተጭኖ ጠቅ በማድረግ ይታለፍ ነበር፤ ከማክኦኤስ ሴኮያ፣ ከ2024 ወዲህ ግን ያ መንገድ ተዘግቷል። አሁን አንድ ጊዜ ለመክፈት ይሞክሩ፣ ሲከለከሉ ወደ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ወደ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ይሂዱና ወደ ታች ወርደው ለማንኛውም ክፈት የሚለውን ይጫኑ። የቆዩ መመሪያዎች አሁንም የድሮውን መንገድ ስለሚያስተምሩ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል።

ሊኑክስ

በዴቢያንና በኡቡንቱ የፕሮግራም መጋዘን ውስጥ ድሪምቼስን በስሙ ፈልጎ መጫን ይቻላል፤ ሌላ የሚወርድ ነገር የለም። የግኖም ቼስን ጉዳይ ግን ማወቅ ያሻል። ቀድሞ ጂኤልቼስ ይባል በነበረበት ዘመን ስሪዲ ሰሌዳ ነበረው፤ ያ ክፍል ኋላ ተነሥቷል፤ ዛሬ ጠፍጣፋ ብቻ ነው። «ከምርጫዎቹ ስሪዲ የሚለውን ይንኩ» የሚል ምክር ካነበቡ ጽሑፉ ያረጀ ነው፤ አዝራሩን ሲፈልጉ አይዋሉ። ግኖም ቼስ ኢንጅንም በውስጡ አልያዘም፤ ጂኤንዩ ቼስን ወይም ስቶክፊሽን ለብቻ ካልጫኑለት የሚያጫውተው ሰውን ከሰው ጋር ብቻ ነው።

በሊኑክስ ላይ ዋናው ምርመራ አንድ ቃል መፈለግ ነው። በሴቲንግስ ውስጥ ስለ ኮምፒውተሩ የሚናገረውን ገጽ ይክፈቱና ግራፊክስ በሚለው መስመር ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የቺፕዎ ስም ካለ ደኅና ነው። «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ካለ ግን ሥዕሉን እየሠራ ያለው ፕሮሰሰሩ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ሠራተኞች በአንድ ወንበር ይጋፋሉ፦ ሠዓሊው የአሳቢውን ጉልበት ስለሚወስድ ሰሌዳው መንቀርፈፉ ብቻ ሳይሆን ተጋጣሚውም ይደክማል ወይም ይዘገያል። ሰበቡ ብዙ ጊዜ ፈርምዌር የሚባለው የቺፑ የውስጥ ፕሮግራም አለመጫኑ ነው፤ አለዚያም ሊኑክሱ ያለው በቨርቹዋል ማሽን፣ በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ፕሮግራም በሚሠራ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ከሆነ ማሽኑን አጥፍተው በዲስፕሌይ ማስተካከያው የስሪዲ ማፋጠኛውን ያብሩ፣ የቪዲዮ ማኅደረ ትውስታውንም ወደ 128 ሜጋባይት ከፍ ያድርጉት።

ምንም መጫን ለማይፈልግ ሰው ሊቼስ የተባለው የቼዝ ድረ ገጽ በብራውዘር ውስጥ ስሪዲ ሰሌዳ አለው፤ ከሰሌዳ ማስተካከያው ይመረጣል። እይታው ግን የተወሰነ ነው፤ እንደ ልብ አይዞርም።

የ1988ቱ ባትል ቼስ፣ ጠጠሮቹ በእግራቸው እየሄዱ የሚዋጉበት፣ የድሮ የዶስ ጨዋታዎችን በሚያስኬደው በዶስቦክስ ይከፈታል። እንቅስቃሴው ከመጠን በላይ ከፈጠነ ኮንትሮልንና ኤፍ11ን፣ ከዘገየ ኮንትሮልንና ኤፍ12ን ይጫኑ፤ ማውሱ በመስኮቱ ውስጥ ታስሮ ከቀረ ኮንትሮልና ኤፍ10 ይፈቱታል።

ያው ደረጃ፣ ሌላ ጥንካሬ

በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ በደረጃ 6 ያሸነፉት ጨዋታ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ በዚያው በደረጃ 6 ሊረታዎ ይችላል። ፕሮግራሙ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፤ ምን ተለወጠ?

መልሱ ደረጃው በምን እንደሚለካ ላይ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም ለኢንጅኑ ጊዜ ይሰጠዋል፤ «5 ሰከንድ አስብና መልስ» ይለዋል። ሌላው ጥልቀት ይሰጠዋል፤ «8 እንቅስቃሴ ወደፊት አይተህ መልስ» ይለዋል። በጊዜ ሲለካ ፈጣን ኮምፒውተር በዚያው 5 ሰከንድ ውስጥ ብዙ ስለሚያይ ይጠነክራል። በጥልቀት ሲለካ ጥንካሬው በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ተቀራራቢ ይሆናል፣ የሚለየው የሚጠብቁት ጊዜ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሰዓት ይያዙ፦ ቀላል በሆነ ቦታም ሆነ ጠጠር በተጨናነቀበት ቦታ ሁልጊዜ እኩል ጊዜ የሚወስድ ከሆነ በጊዜ ነው፤ አንዴ ቶሎ አንዴ ዘግይቶ ከመለሰ በጥልቀት ነው። በተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ እየተጫወተ መሻሻሉን መለካት የሚፈልግ ሰው በጥልቀት የሚለካውን ይምረጥ።

ቢሆንም የኮምፒውተሩ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኢንጅኑ እጥፍ ርቆ አያይም። ከጨዋታው መነሻ ነጭ 20 ምርጫ አለው፤ ጥቁር ከመለሰ በኋላ ያሉት መንገዶች 400 ናቸው፤ ከሦስተኛው እንቅስቃሴ በኋላ 8,902፤ ከአራተኛው በኋላ 197,281፤ ከአምስተኛው በኋላ 4,865,609። እያንዳንዱ ተጨማሪ እርምጃ ሥራውን 20 እጥፍና ከዚያ በላይ ያሳድገዋል። ኢንጅኖች የማይረባውን ቅርንጫፍ ቶሎ እየቆረጡ ይህን በእጅጉ ያቃልሉታል፤ ያም ሆኖ ጊዜውን በእጥፍ ማሳደግ የሚያስገኘው ጥልቀት ጥቂት ነው። ለዚህ ነው የማሰቢያ ጊዜን ከ5 ሰከንድ ወደ 10 ማሳደግ ጨዋታውን ከማክበድ ይልቅ ትዕግሥትን የሚፈትነው።

ላፕቶፕ ላይ ሙቀትም ይገባበታል። ቺፑና ፕሮሰሰሩ አንድ ማቀዝቀዣ ሲጋሩ አንዱ ሲግል ሌላውም እንዲዘገይ ይገደዳል። ቼዝ አብዛኛውን ጊዜ የማይንቀሳቀስ ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ ከስክሪኑ ጋር እንዲሄድ ካልታሰረ ግን ሠዓሊው ያንኑ ሰሌዳ በሰከንድ መቶዎች ጊዜ እየደጋገመ ይሥላል። ሥዕሉን ከስክሪኑ ጋር የሚያስረውን፣ ቪሲንክ የሚለውን ያብሩ፤ ማስተካከያው በሰከንድ 30 ሥዕል የሚፈቅድ ከሆነ እሱ ይበቃል። ጠርዝ የሚያለሰልሰው አንቲኤሊያዚንግ በ4 እጥፍ ሲበራ በ1920 በ1080 ስክሪን ላይ ለአንድ ሥዕል ብቻ 66 ሜጋባይት ያህል ይፈልጋል፤ የራሱ ማኅደረ ትውስታ በሌለው ቺፕ ላይ ይህ ከዋናው ራም ይወሰዳል። ከአሳቢው በኩል ደግሞ በተጋጣሚው ጊዜ ማሰብን ያጥፉ፤ እርስዎ ሲያስቡ ኢንጅኑም ባትሪውን ይበላልና። ኢንጅኑ የሚጠቀምባቸው የፕሮሰሰር ኮሮች ብዛት የሚስተካከል ከሆነም አንዱን ለሠዓሊው ያስተርፉ።

ጨዋታን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር

በአንዱ ኮምፒውተር የጀመሩትን በሌላው ለመቀጠል የጨዋታው የራሱ ማስቀመጫ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ አይረዳም፤ ሌላው ፕሮግራም አያነበውም። የሁሉም መግባቢያ ፒጂኤን የሚባለው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንቅስቃሴዎቹን በሙሉ ይይዛል። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛ፣ ጠጠሮቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ስማቸው ፊደል ነው፤ በሌላ ቋንቋ ፊደል የሚጽፍ ፕሮግራም ያዘጋጀውን ሌላው አያውቀውም። ሁለተኛ፣ ደንቡ ሲወጣ የታሰበው ለላቲን ፊደላት ስለነበር የተጫዋቾቹን ስም በግዕዝ ፊደል ከጻፉ የቆዩ ፕሮግራሞች የማይነበብ ምልክት ያደርጉታል። እንቅስቃሴዎቹ ግን አይነኩም፤ ፋይሉ ተበላሸ ብለው አይጣሉት።

አንድን ቦታ ብቻ ለመውሰድ ፌን የሚባል አንድ መስመር ጽሑፍ ይበቃል። ጠጠሮቹን ብቻ ሳይሆን ተራው የማን እንደሆነ፣ ለማን ንጉሥን ከሩክ ጋር የማዘዋወር መብት እንደቀረው፣ በማለፍ መብላት የሚቻልበት ቤት መኖሩን፣ እንዲሁም የእንቅስቃሴዎቹን ቆጠራ ይዟል። ሰሌዳውን በዓይን እያዩ በእጅ ሲደረድሩት የሚጠፉት እነዚህ ናቸው፤ ኋላ ላይ ፕሮግራሙ ንጉሡን ከሩኩ ጋር አላዘዋውርም ሲል ብልሽት ይመስላል።

ሰሌዳው ራሱ ፎቅ ሲሆን

በእውነት ባለ ሦስት አቅጣጫ ከሆኑት የታወቀው ራውምሻኽ ነው፤ ፈርዲናንድ ማክ የተባለ ጀርመናዊ በ1907 አውጥቶት በ1919 ሐምቡርግ ውስጥ ክበብ ተቋቁሞለታል። 5 በ5 የሆኑ አምስት ሰሌዳዎች ተደራርበው 125 ቤት ይሆናሉ። እያንዳንዱ ወገን 20 ጠጠር አለው፤ ከእነሱ 10ሩ ወታደሮች ናቸው። ሩክ በ6 አቅጣጫ፣ ቢሾፕ በ12 ይሄዳል። ዩኒኮርን የሚባል አዲስ ጠጠር ደግሞ በኩቡ ማዕዘኖች በኩል ብቻ በ8 አቅጣጫ ያልፋል፤ ንግሥቲቱ ሦስቱንም ስለምትችል 26 አቅጣጫ አላት። መሀል ላይ ያለ ንጉሥ 26 ጎረቤት ቤት አለው፣ ጥግ ላይ ያለ 7 ብቻ፤ ስለዚህ ንጉሥን ለመያዝ መጀመሪያ ወደ ጥግ መግፋት ያስፈልጋል።

በዴቢያን መጋዘን ውስጥ ስሪዲቼስ የሚባል የቆየ ፕሮግራም አለ፤ ራውምሻኽ ሳይሆን የራሱ ሕግ ያለው፣ በሦስት ተደራራቢ ሰሌዳ 96 ጠጠር የሚሰለፉበት ነው። የተሠራው ኤክስ11 ለሚባለው ለቆየው የሊኑክስ መስኮት አሳይ ስለሆነ፣ አዲሱ ዌይላንድ ባለበት ሊኑክስ ላይ ሁለቱን የሚያገናኘው ኤክስዌይላንድ መኖር አለበት።

የሚገርመው፣ ለዚህ ዓይነቱ ቼዝ ስሪዲ ሥዕል አይመችም። የላይኛው ፎቅ የታችኛውን ይሸፍናል፤ ቀደም ሲል ያሰላነው የንጉሥ ጥላ እዚህ ሙሉ ሰሌዳ ሆኖ ይመጣል። ምርጫ ካለ ፎቆቹን ጎን ለጎን አዘርግተው ይጫወቱ። አንድ ቤት ከራሱ በላይ ካለው ቤት ጋር የሚያያዘው በሁለቱ ሰሌዳዎች ላይ ያው ስም ስላለው ነው፤ የቤቶቹ ስም በጠርዙ እንዲታይ ያድርጉ። ዩኒኮርንን ሲጠብቁ ደግሞ ሁሉንም ቤት መፈተሽ አይኖርብዎትም፦ በእያንዳንዱ እርምጃ ፎቁ፣ ረድፉና ዓምዱ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ስለሚለወጡ፣ ከመነሻ ቦታው የተነሣ አንድ ዩኒኮርን በጨዋታው ሁሉ ሊደርስባቸው የሚችላቸው ቤቶች ከ125ቱ 30ዎቹ ብቻ ናቸው።